«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው»፦ ውሻን በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ይቻላል?

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ናችሁ እንበል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንዲት ጠቆር ያለች አውቶሞቢል ዳር ይዛ ቆማለች። ባለቤቶቿ ሐይቁን ከላይ ለማየትና ፎቶ ለመነሳት ወደ ተራራው ወጥተዋል። የኋላው ወንበር ላይ አንድ ቡናማ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። አጠገባችሁ የቆሙት ሰዎች ክርክር ጀመሩ።

«ምን ችግር አለው? መስኮቱ ክፍት ነው እኮ።»

«ሐዋሳ ደግሞ መቼ ይሞቃል? አፋር አይደለም!»

«ውሻ አይደል እንዴ? ይችለዋል።»

«አሁን ይመጣሉ፤ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።»

አንዷ ደግሞ ስልኳን አውጥታ ከውጭ የመጣ የማስጠንቀቂያ ሰንጠረዥ አሳየች። «ይኸው፣ በዚህን ያህል ደቂቃ ይህን ያህል ዲግሪ ይደርሳል!»

እስቲ እነዚህን ክርክሮች አንድ በአንድ እንፈትሻቸው። የመጨረሻዋንም ጭምር። ትክክለኛ ድምዳሜ እንኳ በደካማ ምክንያት ላይ ከቆመ አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም። መልሱን ግን አልደብቃችሁም፦ በቀን፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ ውሻን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ልክ አይደለም። ለምን የሚለው ላይ ነው ሥራው ያለው።

«ሐዋሳ መቼ ይሞቃል?»

ይሄ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የሐይቅ ነፋስ የምታገኝ ከተማ ናት። በደረቁ ወራት እኩለ ቀን ላይ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ማንም አይደነግጥም። ስህተቱ የውጩን ሙቀት የመኪናው ሙቀት አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ካትሪን ማክላረን፣ ጃን ነልና ጄምስ ኩዊን የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ጠቆር ያለ መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው የውስጡን ሙቀት በ16 የተለያዩ ቀናት ለኩ። የውጩ ሙቀት ከ22 እስከ 36 ዲግሪ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው ውስጥ በአማካይ በ22 ዲግሪ ገደማ ጨመረ። ከዚህ ጭማሪ ውስጥ 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህችን ልብ በሉ፦ ቀኑ ቀዝቀዝ ያለም ሆነ ሞቃት፣ የጭማሪው ፍጥነት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ ደስ የሚል የ27 ዲግሪ ቀን መኪና ውስጥ ወደ 50 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል።

«ካሊፎርኒያና ሐዋሳ ምን አገናኛቸው?» ካላችሁ ጥሩ ጠይቃችኋል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። በጣም ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ የእኩለ ቀን ከፍታዋ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ስለሆንን ደግሞ በእኛና በፀሐይ መካከል ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ እዚህ በትክክል ያው ይሆናል አልልም፤ የእኛ ፀሐይ ከካሊፎርኒያዋ ትራራልናለች ብሎ ለማሰብ ግን ምንም ምክንያት የለም።

«መስኮቱ ክፍት ነው እኮ»

መኪና ለምን እንደሚሞቅ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ማብራሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ ዳሽቦርዱና ወንበሩ ብርሃኑን ውጠው ይሞቃሉ፤ ከእነሱ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ግን መስታወቱ መልሶ አያስወጣውም። ማብራሪያው ውሸት አይደለም፤ ዋናውን ነገር ግን ይዘላል።

እ.ኤ.አ. በ1909 ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ቀላል ሙከራ አደረገ። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ወሰደና አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን የሙቀት ጨረርን በሚያሳልፍ የዓለት ጨው ሰሌዳ ከደነ። መስታወቱ ጨረሩን ማገቱ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ የጨው ክዳን ያለው ሳጥን በጣም ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። የሁለቱ ሙቀት ግን ተቀራራቢ ሆነ። ዋናው ምክንያት የሞቀው አየር መውጫ ማጣቱ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስትመጡ ባቱ አካባቢ የምታዩአቸው የአበባ እርሻ ግሪን ሐውሶችም ሙቀት የሚይዙት በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው።

«እንግዲያው መስኮት መክፈት ይሠራላ!» አዎ፣ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው መጠኑ ነው። እነማክላረን በዚያው ጥናት መስኮቶቹን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም የእኛን «ሁለት ጣት»፣ ከፍተው ሞክረውት ነበር። የሙቀቱን አጨማመርም ሆነ መጨረሻ ላይ የደረሰበትን መጠን ያን ያህል አልቀነሰውም። የባጃጅን ነገር አስቡት። ባጃጅ ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ቆሞም ነፋስ ያልፍበታል። ሁለት ጣት የተከፈተ አውቶሞቢል ግን ባጃጅ አይሆንም።

እስቲ በግምት እናስላው። የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ውስጥ 3 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል እንበል። በሐዋሳ ከፍታ ይህ አየር ቢመዘን 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት አካባቢ ነው። በመስታወቶቹ በኩል አንድ ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ቢገባ እንኳ፣ የተለኮሰ ካውያ መኪና ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ካውያ በሚጤስበት ሳጥን ውስጥ ሁለት ጣት ቀዳዳ ምን ይፈይዳል?

«ጥላ ሥር ቢቆምስ?» የሚል አይጠፋም። ጥላ በእርግጥ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጄኒፈር ቫኖስና ባልደረቦቿ ሞቃታማዋ አሪዞና ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆሙ መኪኖች ውስጣቸው በአማካይ 47 ዲግሪ፣ ዳሽቦርዳቸው ደግሞ 69 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ጥላ ሥር የቆሙት ውስጣቸው 38 ዲግሪ ሆነ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ 38 ዲግሪ ግን ለውሻ እረፍት አይደለም። በዚያ ላይ ጥላ ቃል አይጠብቅም። አራት ሰዓት ላይ በዋርካ ጥላ ሥር የቆመች መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ መሐል ልትገኝ ትችላለች። ዋርካው አልሄደም፤ ፀሐይዋ ናት ቦታ የቀየረችው።

«ውሻ ይችለዋል»

ውሻ ጠንካራ እንስሳ ነው። ሌሊቱን በብርድ ግቢ ሲጠብቅ ያድራል። ታዲያ ሙቀት ምን ያደርገዋል?

መልሱ ያለው ሰውነታችን ሙቀት በሚያስወጣበት መንገድ ላይ ነው። እኛ ሰዎች ከራስ ጠጉራችን እስከ እግር ጥፍራችን እናልባለን፤ ላቡ ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። ውሻ ግን ለማቀዝቀዝ የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ነው፤ ያም ኢምንት ነው። ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው፦ አየሩን እርጥብ በሆነው ምላሱ፣ አፉና አፍንጫው ላይ ቶሎ ቶሎ እያመላለሰ ውኃ ያተናል።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመኪናው አየር እዚያ ሲደርስ ሙቀት ከውሻው ወደ አየሩ መፍሰሱ ይቆማል። ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ ይገለበጣል፤ አየሩ ራሱ ውሻውን ማሞቅ ይጀምራል። የቀረችው ማምለጫ ማለክለክ ብቻ ናት።

እሷም በተዘጋ መኪና ውስጥ ራሷን በራሷ ታሸንፋለች። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ ዝም ብሎ ተኝቶ እንኳ 30 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። ይህችን ብቻ በትነት ለማስወጣት በሰዓት 45 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ከግማሽ ሲኒ በላይ ውኃ ማትነን አለበት። ያ እንፋሎት የት ይሄዳል? እዚያችው መኪና ውስጥ ይቀራል። አየሩ እርጥበት ሲጠግብ ትነቱ ይደክማል። ትነቱ ሲደክም ውሻው ይበልጥ ያለከልካል። ማለክለክ ደግሞ የጡንቻ ሥራ ስለሆነ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል። ውሻው ከደነገጠና ከጮኸማ የባሰ ነው። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ያጠባችሁትን ልብስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማድረቅ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ እንደዚያ ነው፤ እዚህ ግን የማይደርቀው ልብስ ሕይወት ያለው ነው።

የሰውነቱ ሙቀት 41 ዲግሪን ሲያልፍ ሐኪሞች ሂት ስትሮክ ወደሚሉት አደጋ ይገባል። ከዚያ በኋላ አንጎል፣ ኩላሊት፣ አንጀትና የደም መርጋት ሥርዓት ሊጎዱ ይችላሉ። አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያለ ዝርያዎች፣ ያረጁ፣ የወፈሩና ጠጉራቸው የበዛ ውሾች ከሌሎቹ ቀድመው ይወድቃሉ። ስለዚህ «ይችለዋል» የሚለው ስለ ውሻው ጥንካሬ የተነገረ ይመስላል እንጂ ስለ ውሻ ሰውነት ካለማወቅ የመጣ ነው።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው»

ከሁሉም ክርክሮች ጠንካራው ይሄ ነው። እውነትም አምስት ደቂቃ ብቻ ከሆነ አብዛኛው ጤነኛ ውሻ አይሞትም። ይህን መካድ አያስፈልግም።

ጥያቄው ግን አምስት ደቂቃ መሆኑን ማን ያረጋግጣል የሚለው ነው። ባንክ ገባ ብላችሁ ልትወጡ ነበር፤ «ሲስተም የለም» ተባለ። አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዙ ወረዳችሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተለያችሁት ጓደኛ አገኛችሁ፤ የቤተሰብ ደኅንነት ተጠያይቃችሁ ሳትጨርሱ ሃያ ደቂቃ አለፈ። የመኪናው ሙቀት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን መንገድ እንደሚጨርስ አስታውሱ። የምትዘገዩባቸው ደቂቃዎች በትክክል በጣም አደገኞቹ ደቂቃዎች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። እናንተ ስትዘገዩ ወጪውን የሚከፍለው ሌላ ነው። ውሻው በር መክፈት አይችልም፤ ደውሎ «የት ደረሳችሁ?» አይላችሁም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ታማኝነቱን ለመግለጽ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህንኑ ታማኝነት ተማምኖ «መኪናውን ይጠብቅልኛል» ብሎ ውስጥ ይተወዋል። የራሳችንን የጊዜ ግምት ስህተት በሌላው ሰውነት ላይ ማስያዝ ተገቢ ነው ወይ? እኔ አይደለም እላለሁ። ይህ የፊዚክስ መልስ አይደለም፤ ፊዚክሱ ግን ዋጋው ስንት እንደሆነ ነግሮናል።

ሰንጠረዡም ይፈተሽ

አሁን ስልኳን ወዳወጣችው ልጅ እንመለስ። በስፋት የሚዘዋወረው ሰንጠረዥ የውጩ ሙቀት 27 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የመኪናው ውስጥ በ10 ደቂቃ 37፣ በ20 ደቂቃ 43፣ በአንድ ሰዓት 51 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል ይላል። ቁጥሮቹ ከእውነተኛ ልኬት የመጡ ናቸው። ሦስት ነገሮች ግን ይጎድሏቸዋል።

አንደኛ፣ ሰንጠረዡ አማካይ ነው እንጂ የፈቃድ ወረቀት አይደለም። «በ10 ደቂቃ 37 ከሆነ ስምንት ደቂቃ ይፈቀዳል» ብሎ ማንበብ ስህተት ነው። የመኪናው ቀለም፣ የመስታወቱ ስፋት፣ የውሻው ዕድሜ ሁሉ ይለያያል። ከዚህም ሌላ ሰንጠረዡ የአየሩን ሙቀት ብቻ ነው የሚናገረው፤ ፀሐይ ያረፈበትን ወንበር አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ዓይናችንን መኪና ላይ ብቻ ይተክላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤሚሊ ሆል፣ አን ካርተርና ዳን ኦኒል በእንግሊዝ ከ900 ሺህ በላይ ውሾችን የሕክምና መዝገብ መርምረው ነበር። በሙቀት ከተጎዱት መካከል 74 በመቶ ገደማው የተጎዱት በሩጫ፣ በእግር ጉዞና በመሳሰለው እንቅስቃሴ ነው። በመኪና ውስጥ የተጎዱት 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። «እንግዲያው መኪና አያሰጋም ማለት ነው?» እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ውሾች ቆሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ የሚያሳልፉት ጊዜ ትንሽ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሰው ውሻውን መኪና ውስጥ እንዳይተው ለዓመታት ሲቀሰቀስ ኖሯል። መኪና ውስጥ የሞተ ውሻም ወደ ሐኪም ላይወሰድና መዝገብ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ትንሽ ድርሻ ማለት ትንሽ አደጋ ማለት አይደለም። ጥናቱ የሚለን መኪናውን እርሱት ሳይሆን ከመኪናው ውጭም ተመልከቱ ነው። ውሻችሁን አስከትላችሁ በእኩለ ቀን ታቦርን መውጣትም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛው ጉድለት የእኛው ነው። ሐዋሳ ውስጥ ውሻውን መኪና ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ አይደለም። አብዛኛው ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ የውሻ ቤት፣ ጥላው ዘንድ የማይደርስ አጭር ሰንሰለት፣ ውኃው ያለቀ ጣሳ፦ እነዚህ መንኮራኩር የሌላቸው መኪኖች ናቸው። የገና፣ የፋሲካና የአረፋ ሰሞን ደግሞ አስታውሱ። እግሯ ታስሮ የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተከተተች ዶሮ፣ አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ በጠራራ ፀሐይ የቆየ በግ። «ያው ሊታረድ አይደል?» ይባላል። መታረድና ከመታረድ በፊት ለሰዓታት በሙቀት መሠቃየት ሁለት ነገር ናቸው። ሕጉም ቢሆን ለውሻ ብቻ አይደለም፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?

ከውጭ የተተረጎሙ ምክሮች «መስታወቱን ስበሩ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አስቀድሞ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅን ጨምሮ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ይህን ይፈቅዳል። ያ ግን የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። እናንተ በመጀመሪያ ባለቤቱን አስፈልጉ። የፓርኪንግ ትኬት የሚቆርጡትን ወጣቶች፣ በአቅራቢያው ያለውን ጥበቃ ወይም ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ። በታርጋ ቁጥር መጣራት ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ውሻው ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ሰውነቱ ላይ ውኃ ማፍሰስና ማራገብ ነው። የሚጠጣ ውኃ አቅርቡለት፤ በግድ ግን አትጋቱት። ወደ እንስሳት ሐኪም ከመሮጣችሁ በፊት ማቀዝቀዝ ጀምሩ፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ጊዜ ውድ ነው።

እዚህ ላይ የተተረጎሙት ምክሮች የማይነግሯችሁ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በሙቀት የተመታ ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንገዳገዳል፣ ግራ ይጋባል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘውም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በሽታው አገራችን ውስጥ አለ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የማታውቁትን ውሻ አፍ አትንኩ፤ ውኃውን ራቅ ብላችሁ አፍስሱ፤ መያዙን ለባለቤቱ ተዉት። ከነከሳችሁ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ካረፈ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ተቋም ሂዱ። ደግ መሆን ጥንቃቄን አይከለክልም።

ይህን ሁሉ ሳታምኑኝ ራሳችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። የቤተሰብ መኪና ካለ አስፈቅዱና ባዶውን ፀሐይ ላይ አቁሙት፤ ሰውም ሆነ እንስሳ ውስጥ አይኑር። አንድ ቴርሞሜትር ውስጥ፣ ሌላ ውጭ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። የውስጡም ላይ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት በወረቀት ከልሉት፤ አለበለዚያ የምትለኩት የአየሩን ሙቀት ሳይሆን ራሱ ቴርሞሜትሩ የሞቀውን ነው። በመስታወቱ በኩል በየአምስት ደቂቃው እያነበባችሁ ለአንድ ሰዓት መዝግቡ። በሚቀጥለው ቀን መስኮቱን ሁለት ጣት ከፍታችሁ ድገሙት። ያኔ የካሊፎርኒያ ሰንጠረዥ አያስፈልጋችሁም፤ የሐዋሳን ይዛችኋል።

ታቦር ሥር ያለችው መኪና አሁንም ቆማለች፤ ክርክሩም አላለቀም። አንዳችሁ ወደ ተራራው ሮጣችሁ «የዚህች መኪና ባለቤት!» ብላችሁ ብትጣሩ ምናልባት ሰዎቹ ይቆጧችኋል፤ ምናልባትም ያመሰግኗችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቁጣው የሚሸከሙት ነው።